በውርጭ ወር ከድሮ ጓደኞች ጋር ወደ መናገሻ ሱባ፦ ጉዞውን እንዴት ታሰናዱታላችሁ?

ጥር ገና በገባ በአንዱ ቅዳሜ ነው። ሰበታን አልፈን ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚወጣውን ኮረኮንች ጀምረናል። ፀሐይ ብቅ እያለች ነው። ለገና ከሚኒያፖሊስ የመጣው ጓደኛችን «እስቲ አቁሙልኝ» አለ። ወረደና ጎንበስ ብሎ የግጦሹ ሣር ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በጥፍሩ ፋቀው። ጣቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆየና ውሃ ሆነ። «እኔ እኮ በረዶ ሸሽቼ ነው የመጣሁት» አለን። እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ጓንት አልያዘም ነበር።

ሰባት ነበርን። አንድ ክፍል የተማርን፣ አብረን ያደግን፣ ከዚያ በኋላ ግን በሠርግና በለቅሶ ብቻ የምንገናኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ነበር አብረን ተራራ ስንወጣ። የመጀመሪያው ጉዞ ከሽፎብናል፣ ሁለተኛው ደህና ነበር፣ ሦስተኛው ግን እስካሁን ሲወራ ይኖራል። በመሀሉ የተማርነውን ነው እዚህ የምጽፈው። ከሁሉ በላይ የያዝኩት ነገር አንድ ነው፦ ከድሮ ጓደኞች ጋር ስትወጡ ጉዞውን በዝግተኛው ሰው ልክ ቁረጡት። ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ ገንዘቡን፣ ምግቡን፣ ሁሉንም።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ

እኛ ክረምት ስንል ዝናቡን ነው። ውጭ የሚኖሩት ጓደኞቻችን «ክረምት» ሲሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የታኅሣሥና የጥርን በረዶ ማለታቸው ነው። «በክረምት እመጣለሁ» ያላችሁን ሰው የወሩን ስም ጠይቁት። እኛ አንዴ በዚህ ምክንያት ሐምሌ ላይ ተዘጋጅተን ጠብቀናል።

አዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ እንደ ጥጥ የሚከመር በረዶ አይጥልም። በአገራችን እንደዚያ ያለ በረዶ የሚታየው እንደ ራስ ዳሸን ባሉ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆኑ ቦታዎች ነው፤ እዚያም አልፎ አልፎ። እኛ ጋ ያለው አመዳይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ደመና ለምድር እንደ ቡሉኮ ነው፤ ሌሊት ደመና ከሌለ ቀን የተሰበሰበው ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል። ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚያድረው ለዚህ ነው። በዝናቡ ወራት ቀኑ ቢጨፈግግም ሌሊቱ እንደዚህ አይጠነክርም።

ሌላ ልብ የምትሉት ነገር አለ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ተዳፋቱን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎድጓዳና ሜዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ንጋት ላይ ከተራራው ጎን ይልቅ ሜዳው ሊብስ ይችላል። ቀን ላይ ደግሞ ይገለበጣል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ የምንወጣው የወጨጫ ተራራ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። ከተማው ውስጥ እኩለ ቀን ላይ በቲሸርት የሚያስኬድ ፀሐይ እላይ ነፋስ ሲጨመርበት ጥርስ ያንገጫግጫል።

1. ቀኑን ቁረጡ

ይሄ ከሁሉ የከበደው ደረጃ ነው። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ትከፍታላችሁ፣ «መቼ ይመቻችኋል?» ትላላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ታወራላችሁ፣ ከዚያ ጸጥ። «መቼ» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁለት ቀን ብቻ አቅርቡና ምረጡ በሉ። መልስ የማትሰጥ ሰው ካለች ደውሉላት። የድሮ ጓደኛ በጽሑፍ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ ያልተናገረው ነገር አለ፤ ገንዘብ ነው፣ ሕመም ነው፣ ወይም ግሩፑ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ጋር ቅሬታ አለው። ስልኩ ያወጣዋል።

እኔ የምመርጠው በገናና በጥምቀት መካከል ያለውን ቅዳሜ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው (በአራት ዓመት አንዴ 28)፣ ጥምቀት ጥር 11። በመሀሉ ከውጭ የመጡት አሉ፣ ጾሙ ተፈቷል፣ ሠርጉም ገና አልተግተለተለም። ከጥምቀት በኋላ ከሆነ ከሰባት ሰው ሦስቱ ሠርግ አለብን ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ከገና በፊት ካላችሁ ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ ስንቁ በዚያ ይታሰብ። እሑድን ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተሰብ ተዉት። አንድ ቀን ለማረፍም ይጠቅማል፤ ሰኞ እግሩን እየጎተተ ቢሮ የሚገባ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት እሺ አይልም።

ከውጭ የመጣው ሰው አዲስ አበባ ከገባ ቢያንስ ሦስት ቀን ይለፈው። ከባሕር ጠለል አጠገብ ለመጣ ሰው አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ናት። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። በማግስቱ ተራራ ላይ አታውጡት።

2. ቦታው

እንጦጦ ለከተማው ቅርብ ነው፣ መንገዱ ጥሩ ነው፣ መጸዳጃም ካፌም አለ። ሕፃናትና ሽማግሌዎች ካሏችሁ፣ ወይም ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ እዚያ ሂዱ። ከምሥራቅ የረር አለ፤ ለጠንካራ ተጓዥ ጥሩ ነው፣ ጥላው ግን ትንሽ ነው።

እኔ የምወደው መናገሻ ሱባን ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለ የተፈጥሮ ደን ነው። እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተክለውበታል፤ ዐፄ ምኒልክም በኋላ አስጠብቀውታል። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ነው። ከፍ ስትሉ ኮሶው ይመጣል፤ ቅርፊቱ ቀላ ያለና እንደ አሮጌ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ ነው። ከዚያ አስታ የሚባለው ቅጠለ ደቃቅ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ጅብራ፣ ደጋ ላይ የሚበቅለው ቁመተ ረጅም ተክል። በአንድ ጠዋት የእግር መንገድ ዕፅዋቱ ሲለዋወጥ ታያላችሁ። ጉሬዛ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ። ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የሚሮጥ አረንጓዴ ወፍ ካያችሁ እስኪበር ጠብቁት፤ ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው።

ለሹፌሩ «መናገሻ» ብቻ ብላችሁ አትንገሩት። መናገሻ የምትባል ከተማ በአምቦ መንገድ ላይ አለች፤ ወደዚያ ይነዳል። «ሱባ፣ በሰበታ በኩል» በሉት። ከአየር ጤና በካራቆሬ፣ በአለም ገና አድርጎ ሰበታ ይገባል፤ ከዚያ ዋናውን የጅማ መንገድ ትቶ ወደ ቀኝ በኮረኮንቹ ወደ ደኑ ይወጣል።

ከመሄዳችሁ ሦስት ቀን በፊትና በዋዜማው ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ደኑ ክፍት መሆኑንና የመግቢያ ክፍያው ስንት እንደሆነ፤ የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው ክፍያው ሊለይ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመንገዱን ደኅንነት። ይሄን ከኢንተርኔት ሳይሆን እዚያው አካባቢ ከሚኖር ወይም በየቀኑ በመንገዱ ከሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ። «ይቅርባችሁ» ካለ ይቅር። ተራራው የትም አይሄድም። ሁሉም ሰው መታወቂያ ይያዝ፤ ኬላ ላይ አንድ ሰው መታወቂያ ረስቶ ሁሉም ይቆማል።

3. የሰዉን ጤና እወቁ

ከሃያ ዓመት በፊት አብራችሁት ከነበራችሁት ጓደኛ ጋር ስትሄዱ የምታውቁት የድሮውን ሰው ነው። ሜዳ ላይ ማንም የማይደርስበት የነበረው ልጅ ዛሬ ደም ግፊት አለበት። ይሄን ግሩፑ ላይ አትጠይቁ። አንድ ሰው፣ ምስጢር የሚይዝ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ደውሎ ይጠይቅ፦ መድኃኒት ትወስዳለህ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? አስም አለብሽ? ስኳር?

አስም ያለበት ሰው ጠዋት አፉንና አፍንጫውን በስካርፍ ይሸፍን፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ይቀሰቅሰዋል። መንፊያው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይሁን። ስኳር ያለባት ሰው ዳገት ላይ ስኳሯ ሊወርድ ስለሚችል ከረሜላ ወይም ጁስ እጇ ላይ ይኑር፤ አብሯት የሚሄድ አንድ ሰውም ምልክቱን ይወቅ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት። ይሄን «ብርዱ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ኢንሱሊን ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ይበላሻል፤ ሌሊት መኪና ውስጥ አታሳድሩት።

4. ገንዘቡ

ጠቅላላ ወጪውን አስቡ፤ መኪና፣ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ምግብ። ላዩ ላይ ከአሥር አንድ ያህል መጠባበቂያ ጨምሩ፣ ለሰዉ አካፍሉ፣ በቴሌብር አንድ ሰው ጋ ይሰብሰብ። ገንዘብ ያዥዋ የሒሳቡን ደረሰኝ ግሩፑ ላይ ታስቀምጥ። ይሄ ቀላል ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። ከውጭ የመጣው ጓደኛ «ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ» ይላል። ከልቡ ነው። እሺ አትበሉት። አንድ ሰው ከከፈለ ሌላው እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ «ደክሞኛል፣ እንመለስ» ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። እኛ «አንተ መኪናውን ቻል፣ የቀረውን እንካፈላለን» አልነው። ተስማማ። የሚከብደው ጓደኛ ካለ ደግሞ ገንዘብ ያዥዋና አንድ ሌላ ሰው በዝምታ ይሸፍኑለት። በሁለተኛው ጉዞ አንድ ጓደኛችን የከፈለው ማገዶና ቡና ይዞ በመምጣት ነበር፤ ያን ያወቅነው ሁለት ሰው ብቻ ነን፣ ዛሬም እንደዚያው ነው።

5. መኪናው

ለሰባት ሰው አንድ ሃይሩፍ ኮንትራት ይዛችሁ ሂዱ። በሦስት የቤት መኪና መሄድ ጥሩ አይደለም፤ ኮረኮንቹ ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን ይመታል፣ ወሬውም ሦስት ቦታ ይከፈላል። መንገዱ ራሱ የጉዞው አካል ነው።

በመጀመሪያው ጉዟችን የያዝነው መኪና ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ መጣ። ኮረኮንቹ ላይ ጎማ ፈነዳና ስኮርታ ጎማ የለም። ደኑ የደረስነው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ «ጫፍ ሳንደርስ አንመለስም» አልን። ስንወርድ ጨለመብን። በስልክ መብራት፣ አንዷ ጓደኛችን ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት፣ እየደገፍናት። ያን ምሽት የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት መኪናውን ሄዳችሁ እዩ። ስኮርታ ጎማው አየር አለው ወይ? ክሪክ አለ ወይ? ሹፌሩ ኮረኮንቹን ያውቀዋል ወይ? ሰዓቱን «12 ሰዓት» ስትሉ የጠዋቱ መሆኑን ድገሙት። ለሹፌሩም ስንቅ ቁጠሩ፤ ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

6. ልብሱ

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ልባሽ ተራ ሄዳችሁ የሱፍ ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት በርካሽ ታገኛላችሁ። አለባበሱ ግን ሥርዓት አለው።

ሰውነት የሚነካው ልብስ ላብ ቶሎ የሚደርቅበት ይሁን፤ የስፖርት ማሊያ ይበቃል። የጥጥ ቲሸርት ዳገት ላይ በላብ ይርሳል፤ ቆም ስትሉ ያ ላብ ጀርባችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት። ስትነሱ ትንሽ ብርድ ብርድ ይበላችሁ። በሩብ ሰዓት ይሞቃችኋል። ሞቋችሁ ከተነሳችሁ ግን ሩቅ ሳትሄዱ በላብ ትጠመቃላችሁ።

ጋቢስ? ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ለብሳችሁት አትሂዱ። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ በድርቡ መሀል የሚቀመጠው አየር ነው የሚያሞቀው። ስትቀመጡ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ከእሱ የተሻለ ነገር የለም። ከረጠበ ግን ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይሄዳል። ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ ከሻንጣው ላይ አስቀምጡት።

ጫማ፦ የለመዳችሁት፣ ሶሉ ጥርስ ያለው። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አትግዙ። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሣሩ በጤዛና በሟሟ አመዳይ ስለሚርስ ሁለት ትርፍ ካልሲ ያዙ። ውሃ የሚያስገባ ጫማ ያለው ሰው ካልሲውን ለብሶ በላዩ ፌስታል አጥልቆ ጫማውን ያድርግ። ደስ አይልም፣ ግን እግር ደረቅ ይሆናል።

ጣት ቆፈን ከያዘው የጫማ ክር ማሰር፣ መድኃኒት መፍታት፣ ስልክ መንካት ያቅታል። ጓንት አትርሱ። ኮፍያም እንደዚሁ፤ ጠዋት ለብርዱ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ለፀሐዩ። እዚያ ከፍታ ላይ ብርድ እየተሰማችሁ ፀሐይ ታቃጥላችኋለች። ከንፈር ላይ ቫዝሊን ቀቡ።

7. ስንቁ

በጓደኛ መሀል ሙስሊም አለ፣ ኦርቶዶክስ አለ፣ ጴንጤ አለ። ሥጋ ሲመጣ የማን እጅ አረደው የሚለው ይመጣል። የጾም ምግብ ግን ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣል። ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር፣ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሙዝ፣ ተምር። በሶ በስኳር ለውሳችሁ በየሰው ድርሻ ጠቅልሉ፤ ዳገት ላይ አንድ ጉርሻ በሶ የሚሠራውን ብስኩት አይሠራውም። ወጥ ያለበት ምግብ አትያዙ። በብርድ ቅባቱ ይረጋል፣ ማፍሰሱም አይቀርም።

ለሰው ሁለት ሊትር ውሃ። በብርድ ሰው ውሃ አይጠማውም፣ አይጠጣም፣ ከዚያ ራሱን ያመዋል። ሻዩ በፔርሙዝ ይሁን፤ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ ገብቶበት። ፔርሙዙን ማታ በፈላ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩና ጠዋት ያንን ደፍታችሁ ሻዩን ሙሉበት። እስከ ቀትር ድረስ ያቃጥላል።

አረቄውን ቤት ትታችሁት ኑ። «ያሞቃል» የሚባለው የሚያታልል ነገር ነው። አልኮል ደሙን ወደ ቆዳ ያመጣውና የሙቀት ስሜት ይሰጣል፤ በዚያው ግን የውስጡ ሙቀት ይወጣል። ቁልቁለት ላይም እግር ያሰንፋል። ከተመለሳችሁ በኋላ የፈለጋችሁን።

8. ጠዋቱ

12 ሰዓት ላይ አየር ጤና ተገናኙ። በጥር መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ስለዚህ በጨለማ ትገናኛላችሁ። አንድ ሰው ሌሎቹን በስልክ የመቀስቀስ ኃላፊነት ይውሰድ። አመዳዩን ማየት ከፈለጋችሁ ከ1 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ብዙውን አታገኙትም። ፀሐይ ስትነካው ነጩ ሣር መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይወጣዋል፣ ከዚያ ተራ ሣር ይሆናል። ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ነው።

በሩ ላይ ክፈሉ፣ ተመዝገቡ፣ አስጎብኚ ያዙ። «መንገዱን እናውቀዋለን» አትበሉ። ደኑ ውስጥ የእንጨት ለቃሚና የከብት መሄጃ ብዙ ነው፤ ሁሉም መንገድ ይመስላል። አስጎብኚው ጉሬዛው የትኛው ዛፍ ላይ እንዳደረ ያውቃል። ደኑ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ከመግባታችሁ በፊት ቤት ለቀረ ሰው «እስከ 11 ሰዓት ካልደወልን ለደኑ ቢሮ ደውሉ» ብላችሁ ቁጥሩን ላኩለት።

ከዚያ ሰልፉ። ዝግተኛው ሰው ከአስጎብኚው ቀጥሎ ይሁን፣ ፈጣኑ መጨረሻ። ሰዎች ይሄን አይወዱትም። ግን ፈጣኑ ፊት ከሆነ እላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝግተኛዋ ስትደርስ እሱ አርፎ ይነሳል፣ እሷ ሳታርፍ ትከተላለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲሆን በመጨረሻ ታለቅሳለች። እኛ ጉልበቷን የሚያማትን ጓደኛችንን ፊት አደረግናት። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄዳ ዞር አለችና «እውነት ደህና ናችሁ?» አለችን። ደህና ነበርን። ወሬያችን ሳይቋረጥ ነበር የምንሄደው።

የፍጥነቱ መለኪያ ይሄ ነው፦ እየሄዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ካልቻላችሁ ቀንሱ። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ፤ ስትቀመጡ መጀመሪያ ጋቢውን ልበሱ፣ ከዚያ ሻዩን ቅዱ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር የመጣበት ሰው ካለ አትገፋፉት። አንድ ሰው ብቻውን ሳይሆን ሁለት ሆነው ይውረዱ።

የመመለሻ ሰዓት ከታች ቁረጡ። የእኛ 6 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ሲል የትም እንሁን የት፣ ጫፉ አሥር ደቂቃ ቢቀረው እንኳ፣ እንዞራለን። ፀሐይ ከ12 ሰዓት ከሩብ በኋላ ትጠልቃለች፣ ደን ውስጥ ግን ቀድሞ ይጨልማል። በሦስተኛው ጉዞ የወጨጫን ጫፍ አልረገጥነውም። ጅብራዎቹ ጋ ደርሰን ዞርን።

9. እሳትና ከሰል

ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት።

ወሩ ደረቅ ነው። የደረቀ ሣርና የጥድ ቅጠል በአንድ ክብሪት ይያያዛል። ደን ውስጥ እሳት አታንድዱ፣ ሲጋራም አትጣሉ። ቡና ማፍላት ከፈለጋችሁ የደኑ ሠራተኞች በሚያሳዩአችሁ ቦታ ብቻ አፍሉ፤ ስትጨርሱ ፍሙ ላይ ውሃ አፍሱ፣ አመዱን በእጃችሁ ነክታችሁ መቀዝቀዙን እዩ።

ድንኳን ተክላችሁ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ፣ ከሰል ወደ ድንኳን ወይም ወደ መኪና በጭራሽ አታስገቡ። ጭሱ ቢያልፍለትም፣ ፍሙ ቀልቶ ቢያምርም አታስገቡት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ሰው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፣ ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል። በብርድ ወራት በዚህ ምክንያት በየቤቱ ሰው ይሞታል። በመካከላችሁ «ትንሽ እናሙቀውና እናወጣዋለን» የሚል ሰው ከተገኘ አምርራችሁ ተቆጡት።

ለሊት ሙቀት የሚሻለው ይሄ ነው፦ ከሥር ፍራሽ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ ከላይ ከመደረብ ይልቅ ከመሬት መለየቱ ይበልጣል። የፈላ ውሃ በጠንካራ ጠርሙስ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁ፣ በካልሲ ሸፍኑና እግር ሥር አድርጉ። ጎድጓዳ ቦታ ላይ አትትከሉ፤ ቀዝቃዛው አየር የሚተኛው እዚያ ነው። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ ጅብ አለ።

10. መቀመጥ

ለመቀመጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ። እንደ ሌላው ሁሉ በዕቅዱ ላይ ጻፉት፤ ካልተጻፈ ፎቶ ሲነሳ ያልቃል። ነፋስ የማያገኘው፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ ፈልጉ። ክብ ሆናችሁ ተቀመጡ። ዳቦው ይቆረስ። ቁራ ሊያንዣብብባችሁ ይችላል፣ ጦጣም ሊመጣ ይችላል፤ አትመግቡ።

እኛ አንድ ልማድ አለን። ከክፍላችን በሞት የተለየን አንድ ልጅ አለ። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ተራ በተራ ስለ እሱ አንድ ነገር እናወራለን፤ የሚያስቅም ይሁን የሚያስለቅስ። ከሚኒያፖሊስ የመጣው ጓደኛችን በቀብሩ አልነበረም። ተራው ሲደርስ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገና ዝም አለ። ማንም አላጣደፈውም። ከብዙ ዝምታ በኋላ አንድ ብድር ነገረን፤ ለአውቶቡስ የተበደረው ሳንቲም፣ ሳይመልስለት የሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው እውነተኛ ወሬ የሆነው። ማን ሥራ እንደለቀቀ፣ የማን ትዳር እንደተናጋ፣ ማን እናቱን እያስታመመ እንደሆነ። ግሩፑ ላይ ለዓመታት «ሰላም ነን» ስንባባል ነበር።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ ምክር ለመስጠት አትቸኩሉ። ሻይ ቅዱ። ስልክ ሻንጣ ውስጥ ይቆይ።

11. መውረዱና መመለሱ

ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለት ነው። እርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ ዱላ ተጠቀሙ። ዱላውን ከከተማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከደኑ ቅርንጫፍ አትስበሩ። የጫማ ክር ከላይ ጠበቅ ይበል፤ አለዚያ የእግር ጣት ጫማው ጫፍ ላይ እየተመታ ጥፍር ይጠቁራል። ቆሻሻ በሙሉ፣ የሙዝ ልጣጭም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ውረዱ።

መኪናው ጋ ስትደርሱ እርጥብ ካልሲ ቀይሩ። ቤት ለቀረው ሰው ደውሉ። የተረፈ ገንዘብ ካለ ገንዘብ ያዥዋ እዚያው ትናገር። ከዚያ ሰው ሳይበተን፣ ገና ሰበታ ሳትደርሱ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ቅዳሜ ቁረጡ። በማግስቱ ግሩፑ ላይ ካላችሁ እንደገና «መቼ ይመቻችኋል?» ይሆናል።

እኛ እንደዚያ አደረግን። ጉልበቷን የሚያማት ጓደኛችን ቀኑን ስልኳ ላይ መዘገበች። የሚኒያፖሊሱ ልጅ መስኮቱ ላይ ተደግፎ፣ የማን እንደሆነ ያልለየነውን ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል። አየር ጤና ስንደርስ ቀሰቀስነው። ጋቢውን ሊመልስ ባለቤቱን ጠየቀ። የገንዘብ ያዥዋ ነበር። «ያዘው፣ ስትመጣ ታመጣዋለህ» አለችው።